ያልተበላ ገበታ ትዝታ

በኒውዮርክ ከተማ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የአይሁድ ሠፈር መለያ ሆኖ የኖረው የኮሸር ዴሊ፣ ዛሬ ስሙ በተነሣ ቁጥር ከአያቶችና ከቅድመ አያቶች ገበታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል፤ ይሁን እንጂ ያ ገበታ አያቶቹ በተወለዱባቸው የፖላንድ፣ የሩሲያና የሩማንያ መንደሮች ዛሬ በሚታወስበት መልኩ ተዘርግቶ አያውቅም። በሁለት ቁራሽ ዳቦ መካከል የሚቆለለው ትኩስ ሥጋ፣ ከጎኑ የሚቀርበው ጎምዛዛ ኪያርና በላዩ የሚቀባው ሰናፍጭ አንድ ላይ ሆነው «የአይሁድ ምግብ» የተባሉት በስደት ከተማ ነው። የዴሊን ትዝታ ከሌሎች የምግብ ትዝታዎች የሚለየውም ይኸው ነው፤ ስደተኛው በአገሩ ሲመኘው የኖረውንና ያልደረሰበትን ጥጋብ በባዕድ ከተማ አግኝቶ፣ ያገኘውን ለልጆቹ የአገር ቤት ምግብ ብሎ አወረሰ።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሁለቱን ቃላት መፍታት ይገባል። «ዴሊ» ዴሊካተሰን ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ሲሆን፣ ጀርመንኛውም በተራው ከፈረንሳይኛ የተዋሰው፣ የተመረጠና ለምላስ የሚጥም ምግብን የሚያመለክት ቃል ነው፤ በአሜሪካ ግን የምግቡ ስም ወደ ሱቁ ተላልፎ፣ በጨውና በጭስ የቆየ ሥጋ እየተቆረጠ የሚሸጥበትንና ተቀምጦም የሚበላበትን ቤት መጠሪያ ሆነ። «ኮሸር» ደግሞ ካሼር ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የመጣ ሲሆን «የተገባ፣ ሕጉን የጠበቀ» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮሸር ሕግ መሠረቱ ኦሪት በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። ሰኮናው ያልተሰነጠቀና የማያመሰኳ እንስሳ እንደማይበላ፣ ደምም ክልክል እንደሆነ፣ ሥጋም በሥርዐት መታረድ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው፣ የአይሁድ አራጅ፣ ማለትም ሾኼት፣ ቢላዋው አንዳች ጥርስ እንዳያወጣ ለምን ደጋግሞ በጥፍሩ ጫፍ እንደሚፈትሽ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከታረደም በኋላ ሥጋው ለግማሽ ሰዓት ያህል በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በጨው ተሸፍኖ ደሙ ይመጠጣል፣ ከዚያም ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጉበት ደሙ ብዙ ስለሆነ በጨው ብቻ ስለማይጠራ በእሳት ላይ መጠበስ አለበት። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን በሦስት ቦታ፣ በዘጸአት ሁለት ጊዜ በዘዳግምም አንድ ጊዜ፣ ይከለክላል፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ይህን ትእዛዝ አስፍተው ሥጋና ወተት ፈጽሞ እንዳይገናኙ፣ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ድስታቸው፣ ሰሐናቸውና ማንኪያቸው እንኳ የተለያየ እንዲሆን ደነገጉ። ለጾም ወጥ የሚሆነውን ድስት ቅቤ ከነካው ድስት ለይታ የምታስቀምጥ የኢትዮጵያ እመቤት የዚህን ሥርዐት ጠባይ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጇ ታውቀዋለች፤ ልዩነቱ የእርሷ መለያየት ከጾም ወቅት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ሲሆን፣ የአይሁዱ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይፈታ መሆኑ ነው።

ይህ ሕግ የማብሰያ ደንብ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የዴሊን የምግብ ዝርዝር በአመዛኙ የጻፈው እርሱ ነው። ያዕቆብ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ጭኑ ስለተነካ፣ ልጆቹ የጭኑን ሹልዳ አይበሉም የሚለው የዘፍጥረት ትእዛዝ፣ የኋላ እግሩን ጅማት በጥንቃቄ ነቅሶ ማውጣትን ያስገድዳል፤ ይህም አድካሚና ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ የአሜሪካ የኮሸር ሥጋ ነጋዴዎች የከብቱን የኋላ ክፍል እንዳለ ኮሸር ላልሆነው ገበያ መሸጥን መረጡ። ለስላሳው የሽንጥና የጭቅና ሥጋ በዚህ መንገድ ከአይሁድ ማዕድ ራቀና የቀረው የፊቱ ክፍል ሆነ፤ ከእርሱም ርካሹ ጅማታምና ስብ የበዛበት ፍርምባና ከፍርምባው ቀጥሎ ያለው የሆድ ሥጋ ነበር። እንዲህ ያለ ሥጋ በፍጥነት ቢጠበስ ጥርስ አይሰብረውም፤ በጨው ውሃ ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ ከዚያም ለሰዓታት በእርጥበትና በዝግታ ከበሰለ ግን ጅማቱ ይቀልጣል፣ ስቡም ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ የዴሊው ዝነኛ ጣዕም ድህነትና ሕግ በአንድነት የወለዱት ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዴሊ ሥጋዎች መካከል ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ኮርንድ ቢፍ ይባላል፤ ፍርምባው በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ የሚቀቀል ሲሆን ስሙ ከበቆሎ ጋር ግንኙነት የለውም፣ የድንጋይ ጨውን ድፍን ፍሬዎች ከሚያመለክት አሮጌ የእንግሊዝኛ አጠራር የመጣ ነው። ሁለተኛው ፓስትራሚ ነው፤ እርሱም በጨው ውሃ ከቆየ በኋላ በቁንዶ በርበሬና በድንብላል ይታሻል፣ ይታጠናል፣ ከዚያም በእንፋሎት ይበስላል። ፓስትራሚ ፓስትራማ ከተባለው የሩማንያ ምግብ የወረደ ሲሆን፣ ይህም በተራው ባስቲርማ ከሚባለው፣ ትርጉሙም «የተጨመቀ» ከሆነው የቱርክ ደረቅ ሥጋ ጋር ይዛመዳል፤ በጠቅላላው የቋንጣ ሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የሩማንያ አይሁድ ፓስትራማን ብዙ ጊዜ ከዝይ ይሠሩት ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ግን ዝይ ውድ፣ የላም የሆድ ሥጋ ደግሞ ርካሽ ሆኖ ስላገኙት ስሙን ይዘው ሥጋውን ለወጡት። የመጀመሪያውን የፓስትራሚ ሳንድዊች እኔ ነኝ የሸጥሁት የሚል ብዙ ቤተሰብ አለ፤ የትኛውም ቢሆን እውነቱን ቢይዝ የሚጨምረው ነገር አነስተኛ ነው።

የዴሊ ሱቅን ወደ ኒውዮርክ ያመጡት አይሁድ ብቻ አልነበሩም፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ፣ «ትንሿ ጀርመን» በተባለው ሠፈር የከተሙ ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ ከመካከላቸውም ክርስቲያንም አይሁዳዊም ነበረ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በብዛት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1881 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ተገድሎ ፖግሮም የተባለው የጅምላ ጥቃት በአይሁድ ላይ ከተነሣ ጀምሮ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1924 የስደተኞችን በር በኮታ ሕግ እስከዘጋበት ድረስ፣ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ አይሁድ አትላንቲክን ተሻገሩ። ሎወር ኢስት ሳይድ በተባለው ሠፈር፣ በጠባብ ኪራይ ቤቶች ታጭቀው የኖሩት እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ሥጋን የሚያውቁት በአብዛኛው በሰንበትና በበዓል ነበር፤ የዘወትር ምግባቸው ጥቁር ዳቦ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥርና በጨው የተቀመጠ ሄሪንግ የተባለ ዓሣ ነበር። አሜሪካ ላይ የተለወጠው ይህ ነው፤ ሥጋ ለሠራተኛ ሰውም የሚደረስበት ሆነ።

ለውጡ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። በ1899 በዚያ ሠፈር አንድ ክፍል በተካሄደ ቆጠራ ሥጋ ቤቶቹ 131 ሲሆኑ ዴሊካተሰኖቹ ግን 10 ብቻ ነበሩ፤ ይህም የመጀመሪያው ትውልድ በቤቱ እንጂ በሱቅ ተቀምጦ የመብላት ልማድ እንዳልነበረው ያሳያል። የሥጋ ዋጋ በዚያ ሠፈር ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ደግሞ ግንቦት 1902 የሆነው ነገር ይመሰክራል፤ የኮሸር ሥጋ ዋጋ በፓውንድ ከ12 ሳንቲም ወደ 18 ሳንቲም ሲያሻቅብ የሠፈሩ እመቤቶች ወደ መንገድ ወጡ፣ ሥጋ እንዳይገዛ አደሙ፣ የከፈቱትን ሱቆች ሰብረው ሥጋውን ወደ ጎዳና ጣሉ፣ በሻባት፣ ማለትም በአይሁድ ሰንበት፣ ወደ ምኵራብ ገብተውም የወንዶቹን ድጋፍ ጠየቁ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዋጋው ወረደ። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደል የማይለዩ እናቶች ያካሄዱት ይህ አድማ በአሜሪካ የሸማቾች ትግል ታሪክ ውስጥ ሊይዘው ከሚገባው ቦታ ያነሰ ይዟል።

ዴሊው የተስፋፋው በሁለተኛው ትውልድ ዘመን ነው። በአሜሪካ የተወለዱት ልጆች ምኵራብን እየሸሹ፣ ይዲሽን፣ ማለትም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጽፉትን ጀርመንኛ መሠረት ያለውን ቋንቋ፣ እየረሱ ሲሄዱ፣ አይሁድነታቸውን ሳይጸልዩና ሳይሰበኩ የሚኖሩበት ቦታ ሆኖ አገኙት። ጸሐፊው አልፍሬድ ካዚን በ1951 ባሳተመው የልጅነት ትዝታው፣ በብሩክሊን ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ሻባት ወጥቶ የዴሊው መብራት እስኪበራ የሠፈሩ ሰው እንዴት ይጓጓ እንደነበር ገልጿል። በ1930ዎቹ በአምስቱ የኒውዮርክ ክፍላተ ከተማ ከ1,500 የሚበልጡ የኮሸር ዴሊዎች እንደነበሩ ይነገራል። በዘመኑ የነበሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች የቅመሙን ብዛትና በተለይም ጎምዛዛውን ኪያር ለስደተኛ ልጆች ጤናና ጠባይ አይበጅም ብለው ይነቅፉ ነበር፤ ልጆቹ ምክሩን ሰምተው የተዉ አይመስልም።

ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በመስኮቱ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል በመብራት የተጻፈውን ኮሸር የሚል ቃልና ከጀርባው በገመድ ተሰቅለው የሚደርቁትን ሳላሚዎች ሲሆን፣ አስቀድሞ የሚያሸተው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበትን የሥጋ እንፋሎት ነው። ገና ሳያዝ በነጭ ሽንኩርትና እንስላል በሚመስል ቅጠል በጨው ውሃ የጎመዘዘ ኪያር በሳሕን ይቀርብለታል፤ ጥቂት ቀን ብቻ የቆየው አረንጓዴና ገና የሚንኮሻኮሽ፣ ሳምንታት የቆየው ደግሞ የወይራ መልክ ያለውና አፍ የሚያኮማትር ነው። የቤቱ አስተናጋጅ ብዙውን ጊዜ ሸምገል ያለ፣ ትሕትና የማያበዛ፣ ደንበኛው ያዘዘውን ትቶ ሌላ እንዲበላ የሚያዝና የተረፈ ሲያይ የሚቆጣ ሰው ሆኖ በቀልዶች ይኖራል፤ ቁጣው ግን የእናት ቁጣ ዓይነት መሆኑን ደንበኛው ያውቃል። ይዲሽ «ኤሰን» ብሎ ሰው እንደ ሰው መብላቱን፣ «ፍሬሰን» ብሎ ደግሞ እንደ እንስሳ እየጎረሰ መብላቱን ይለያል፤ በዴሊ ውስጥ ሁለተኛው ነውር መሆኑ ይቀራል።

ሥጋው ከእንፋሎቱ ወጥቶ በእጅ፣ ከጅማቱ አቅጣጫ በተቃራኒ ይቆረጣል፤ ቆራጩ አቅጣጫውን ቢሳሳት ለብዙ ሰዓት የተደከመበት ሥጋ እንደ ገመድ ይሆናል። ዳቦው ራይ ከተባለው እህል የሚጋገር፣ አዝሙድ የሚመስል ካራዌይ የተባለ ፍሬ የተበተነበት ነው። ቅቤ አይቀባም፣ ዓይብም አይጨመርም፤ ሰናፍጭ ብቻ ይበቃል። በሳሕን የሚቀርበው ሾርባ ማትሳ ከተባለው ያልቦካ ቂጣ ዱቄት የተድቦለቦለ ኳስ የሚንሳፈፍበት የዶሮ መረቅ ነው፤ የተከተፈው ጉበትም የሚለሰልሰው በሽማልትዝ፣ ማለትም ቅቤ ከሥጋ ጋር ስለማይገናኝ በእርሱ ምትክ በነጠረ የዶሮ ወይም የዝይ ስብ ነው። ለመጠጥ ዶክተር ብራውንስ በሚል ስም የሚሸጠው፣ ከሰለሪ ዘር የተሠራው ለስላሳ መጠጥ ይመጣል፤ ለማያውቀው ሰው የሾርባ ቅጠል ጣዕም ያለው ሶዳ መሆኑ ያስደነግጣል፣ የሥጋውን ስብ እንደሚቆርጥ ግን ከሁለት ጉርሻ በኋላ ይገባዋል። ከምግብ በኋላ ቡና ያዘዘ ሰው ወተት ቢጠይቅ አይሰጠውም፤ ከሥጋ በኋላ ወተት ለመጠጣት የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ብዙዎቹ ስድስት ሰዓት፣ የጀርመኖቹ ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉና። ከ1945 በኋላ ከአኩሪ አተር የተሠሩ ወተት መሰል ክሬሞች ገበያ ላይ መውጣታቸው ለኮሸር ቤቶች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ወተትም ሥጋም ያልሆነ ምግብ ፓሬቭ ይባላልና ከሁለቱም ጋር ይሄዳል።

እዚህ ላይ በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚዘወተር ስሕተትን ማረም ያስፈልጋል፤ ሳልሞንና የክሬም ዓይብ የተቀባ ቤግል የተባለ ክብ ዳቦ የኮሸር ዴሊ ምግብ አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። ዓሣና ወተት ነክ ምግብ የሚሸጠው በሌላ ዓይነት ሱቅ ነበር፤ በ1914 የተከፈተውና እስካሁን ያለው ረስ ኤንድ ዶተርስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ተቀምጦ የሚበላባቸው የወተት ምግብ ቤቶችም ነበሩ፤ ከእነርሱም ዝነኛው ራትነርስ በ1905 ተከፍቶ ከዘጠና ዓመታት በላይ ቆይቷል። ዛሬ ሁሉም በአንድ ስም መጠራታቸው ሕጉ ከሰዎች አእምሮ ምን ያህል እንደራቀ ያመለክታል።

መራቁ ደግሞ ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። የኮሸር ስም ዋጋ እያወጣ ማጭበርበር ስለበዛ የኒውዮርክ ግዛት በ1915 ኮሸር ያልሆነን ምግብ ኮሸር ብሎ መሸጥን በሕግ ከለከለ፤ በ1925ም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸና። ነጋዴው ግን መውጫ አላጣም፤ «ኮሸር ዓይነት» የሚል ቃል ተፈጠረ፣ ትርጉሙም ጣዕሙ የአይሁድ፣ ሕጉ ግን የማንም ያልሆነ ማለት ነው። በ1888 የተመሠረተው፣ ዛሬም ቱሪስቶች የሚሰለፉበት ካትዝስ ከ«ኮሸር ዓይነት» ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ በሥጋው ላይ ዓይብ ለሚፈልግ ዓይብ ይጨምራል። ብዙ ሰው የአይሁድ ዴሊ ሲል የሚያስበው እርሱን መሆኑ ሊያስቆጣ አይገባም፤ ኮሸር ብሎ መጥራቱ ግን ስሕተት ነው።

የአይሁድ ገበታ ሁሉ የዴሊ ገበታ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለየመን፣ ለሞሮኮ ወይም ለኢትዮጵያ አይሁድ ፓስትራሚ የአያት ምግብ አይደለም፤ ቤተ እስራኤል ሰንበትንና የኦሪትን የምግብ ሥርዐት የጠበቁት በዳቦና በእንጀራ እንጂ በራይ ዳቦ አልነበረም። በ2014 በሃርለም የተከፈተው ጽዮን ካፌ የኢትዮጵያን አይሁድ ምግብ ለኒውዮርክ ሲያቀርብ፣ በከተማዋ አንድ የነበረውን የአይሁድ ትዝታ ወደ ብዙ አሰፋው።

ዴሊዎቹ የተዳከሙት በብዙ ምክንያት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደንበኛው ወደ ከተማ ዳር ወጣ፣ ሱፐርማርኬት የታሸገ ሥጋ አቀረበ፣ የሥጋና የኪራይ ዋጋ ናረ፣ ሐኪሞች ጨውንና ስብን መከልከል ጀመሩ። ከሁሉም የከፋው ግን ባለቤቶቹ የሠሩለት ዓላማ መሳካቱ ነው፤ አባት በቀን አሥራ አምስት ሰዓት ሥጋ እየቆረጠ ያስተማረው ልጅ ሐኪም ወይም ጠበቃ ሆኖ ወደ መቁረጫው ጀርባ አልተመለሰም።

ከቀሩት ውስጥ የሴኮንድ አቬኑ ዴሊ ታሪክ ሁሉንም በአንድ ላይ ይዟል። በዛሬዋ ዩክሬን ተወልዶ ከናዚ እልቂት የተረፈው ኤብ ሌበቮል ቤቱን በ1954 ሴኮንድ አቬኑ አሥረኛውን ጎዳና በሚያገኝበት ማእዘን ላይ ከፈተው፤ ሴኮንድ አቬኑ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የይዲሽ ቲያትር አውራ መንገድ ነበርና፣ ለማስታወሻው የቀድሞ ተዋንያንን ስም በኮከብ ቅርጽ በደጁ ንጣፍ ላይ አስቀረጸ፣ ከውስጥም አንዱን ክፍል በተዋናይቷ በሞሊ ፒኮን ስም ሰየመ። ምግቡ በራቢ፣ ማለትም በአይሁድ የሃይማኖት መምህር፣ ቁጥጥር ሥር ኮሸር ቢሆንም ቤቱ በሻባት ክፍት ስለነበር ጥብቅ ሃይማኖተኞች አይበሉበትም ነበር፤ ይህም ለተከታዩ ትውልድ ዴሊው የሕግ ቤት ከመሆን ይልቅ የትዝታ ቤት እንደነበር ያሳያል። ሌበቮል ለድኻ በነጻ በማብላት የታወቀ ሰው ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን 1996 የሱቁን ገንዘብ ወደ ባንክ ሊያስገባ ሲሄድ በዘራፊዎች ተገደለ፣ ገዳዩም አልተገኘም። ቤቱ በኪራይ ውዝግብ በ2006 መጀመሪያ ተዘግቶ፣ በታኅሣሥ 2007 በቤተሰቡ እጅ በሠላሳ ሦስተኛው ጎዳና እንደገና ተከፈተ። ፓስትራሚው፣ ኪያሩና ቁጡዎቹ አስተናጋጆች አብረው ተዛውረዋል፤ የተዋንያኑ ኮከቦች ግን በአሥረኛው ጎዳና ቀሩ። በአሮጌው ቤት የተከፈተው የባንክ ቅርንጫፍ ነው።